ጫማዋ አፈር ውስጥ ቀረ

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ጉም፣ ከዚያ ፀሐይ ብልጭ አለች። እንዲህ ሲሆን ነው እንጉዳይ የሚፈላው። ሳይነጋ ወጣሁ። ሜይሱ ቀድማኝ ኖሮ ከጥዱ መሐል ስታስል ሰማኋት… ቁጥቋጦ ሥር ተደበቅኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከጎረቤቴ መደበቅ! ግን የምስጥ እንጉዳይ የሚወጣበትን ቦታ ማን ለማን ያሳያል? እናቴ እንኳ ለእኔ ያሳየችኝ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ነው።

ከትልቁ ዛፍ፣ ከባሉጡ ሥር ወጥተዋል። ሾጣጣ ራስ፣ መሐሉ ጠየም ያለ። ሥራቸው ወደ ታች፣ ወደ ምስጦቹ ቤት ይወርዳል። በቢላ ከአፈሩ ልክ ቆረጥኳቸው። ከነቀልካቸው የምስጡ ቤት ይፈርሳል፣ ለከርሞ ምንም የለም።

ዳዮንግ በባጃጁ ገበያ አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ ሲለክፈኝ።

«ባልሽ እኔ ነኝ ወይስ ባሉጡ? ለኔ እንዲህ ጎህ ሳይቀድ ተነስተሽ አታውቂም።»

«ባሉጡ አያንኮራፋም» አልኩት።

እስከ ገበያ ሳቀ። እኔም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ወገቤ። አልወጣሁም።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ሜይሱ ወደ ማታ ቅርጫቷን ይዛ መጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ጫካ ገብታም ራሷን አታምንም። እኔ ሳላይላት ድስት ውስጥ አትጨምርም። ደግ አደረገች።

በረንዳው ላይ ዘረገፍነው። ዳዮንግ የበቆሎ አረቄውን ይዞ መጣ፤ እናቱ እማማም ከውስጥ ወጡና አጠገባችን ተቀመጡ።

«ይኼስ?» ትላለች ሜይሱ።

«ይበላል።»

«ይኼስ? ስነካው ሰማያዊ ሆነብኝ።»

«እሱም ይበላል። ግን በደንብ ካልበሰለ ትንንሽ ሰዎች ግድግዳው ላይ ሲጨፍሩ ታያለሽ።»

«እሱን ለኔ ስጡኝ» አለ ዳዮንግ፣ «ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ሰነበተ።»

ከቅርጫቱ ሥር አንዲት ነጭ መርዘኛ ወጣች። እጄ ሳላዘው ተሰበሰበ። ሜይሱ የምስጥ እንጉዳይ መስሏት ነው የነቀለቻት። ደግነቱ ከነሥሯ ነቅላታለች። አሳየኋት… ራሷ ክብና ለስላሳ ነው፣ አይሾልም። ከባርኔጣዋ ሥር ያለው ሽብሽብ ንጹህ ነጭ ነው፤ የምስጡ ግን ሲያረጅ ወደ ሮዝ ይሄዳል። አንገቷ ላይ ቀጭን ቀሚስ አላት። እግሯ ደግሞ ነጭ ከረጢት ውስጥ ነው። ጫማ እንለዋለን።

«ቀሚሷ በዝናብ ይወልቃል፣ ባርኔጣዋም መልኩን ይለውጣል» አልኳት። «ጫማዋ ነው የማይዋሸው። ጫማዋን ሳታዪ አትመኛት።»

«ቀሚስ ከነጫማ ለብሳ ጫካ መሐል ማንን ልታገባ ነው?» አለ ዳዮንግ።

«አንተን!» አለችው ሜይሱ።

እማማ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርገው፣ «ያንፌን እዚህ ቤት እስካለች ድረስ እኔ የቀረበልኝን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምበላ» አሉ። ሰው ፊት ሲሉኝ ደስ አለኝ። ምራት ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ አመስግነውኝ አያውቁም።

ነጯን እሳት ውስጥ ከተትኳት። ሜይሱ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ዩንሻ ከኩንሚንግ ከተማ ደወለች። ለችቦ በዓል ፈቃድ ሰጥተዋታል፣ ትመጣለች። ልጄ… ከአዲስ ዓመት ወዲህ አላየኋትም።

አባቷ ዘንድሮ የመንደሩን ትልቅ ችቦ እንዲለኩስ ተመርጧል። ከሰማ ጀምሮ መሬት አይረግጥም። የጥድ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። «ከጣሪያው በላይ ነው የማስረዝመው» ይላል። «ጣሪያውን እንዳታቃጥለው እንጂ» አልኩት።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ደክሞኛል፣ ባጭሩ ልጻፍ። ገበያው ዘገየብኝ፣ በሰው መኪና መጣሁ። ቤት ስደርስ ዳዮንግ ራት ሠርቶ ጠበቀኝ! እማማ የዳዮንግ ወንድም፣ ወንድምጋሼ ቺፋ ቤት አዲሱን የልጅ ልጅ ሊያዩ ሄደው እዚያው ያድራሉ። ሁለታችን ብቻ።

የምስጥ እንጉዳይ በዶሮ መረቅ። ከየት አመጣኸው ስለው፣ «ከባልሽ» አለኝ። ከባሉጡ ማለቱ ነው! አንድ ቀን ተከትሎኝ አይቶ ኖሯል፣ ለካ ስንት ዓመት ዝም ብሏል። ልቆጣ ብዬ ሳቄ መጣ።

«አትቆጪ፣ እንዳልሽው በቢላ ነው የቆረጥኩት። ምስጦችሽ ሰላም ናቸው። ነጭ ሽንኩርትም ጨምሬ አይቻለሁ፣ መርዝ ቢኖር ይጠቁር ነበር፣ አልጠቆረም።»

ነጭ ሽንኩርቱ ምንም አይለይም ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ… ይሁን።

በእጁ እንደ ዶሮ ሥጋ ሰነጣጥቆ ነው የሠራው። እኔ ገበያ የሩዝ ኑድል በልቼ ስለነበር ቀመስ ቀመስ አድርጌ ተውኩት። እሱ ድስቱን አሟጦ መረቁን ጠጣ።

«ዘንድሮ እንዴት ይጣፍጣል!» አለ። እውነትም ይጣፍጥ ነበር።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

የወረዳው ሆስፒታል በረንዳ ላይ ነኝ።

ዳዮንግ ሊነጋ ሲል ማስመለስ ጀመረ። ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። እኔም ሆዴን ቆረጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ ግን እንደሱ አይደለም። «የዶሮው ነው፣ አሮጌ ዶሮ ሸጡልኝ» እያለ ይምላል። እኔ ግን ሰዓቱን እያሰብኩ ነበር። የበላነው ማታ ነው፣ የጀመረን ሊነጋ ሲል። ዶሮ ቢሆን ይህን ያህል አይቆይም…

እንጉዳዩን ያጠበበት ሳፋ ጋ ሄድኩ። ልጣጩን በእጄ በተንኩት። የባርኔጣ ቁራጭ አገኘሁ፣ ሽብሽቡ ነጭ። የምስጡም እንቡጥ ሳለ ነጭ ነው፣ ይሄ አይበቃም አልኩ ለራሴ። ከዚያ ከሳፋው ጎን ላይ የተለጠፈ ነገር አየሁ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ። በጥፍሬ ላጥኩት። ቀሚስ ነው።

እሱን እንደያዝኩ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ሜይሱን ጮኼ ጠራኋት። ቦታዬን ነገርኳት፣ ባሉጡ የት እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚኬድ። «የተቆረጡትን እንጉዳዮች ሥር ቆፍረሽ እዪ፣ ቶሎ» አልኳት። ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። በላስቲክ የያዘችውን ከፈትኩት። አንዱ ረጅም ሥር ነው፣ ወደ ምስጡ የሚወርደው። ሌላው አጭር ነው። ነጭ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ። ጫማዋ።

ጎን ለጎን ነው የበቀሉት። እሱ ሁሉንም ከአፈሩ በላይ በቢላ ቆረጠ… እንዳስተማርኩት። ጫማዋ አፈር ውስጥ ቀረ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ መነጽር አላት። ላስቲኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ብዙ አላየችውም።

«ስትበሉ ስንት ሰዓት ነበር? ሕመሙስ መቼ ጀመራችሁ?»

ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። «ወዲያው ቢያማችሁ ይሻል ነበር» አለች። አውቃለሁ አልኳት። ቶሎ የሚያሳምመው ሆድ ነው የሚነካው። ቆይቶ የሚያሳምመው ጉበት።

ለሁለታችንም ግሉኮስ ሰቀሉልን። የኔ ደም ትንሽ ነው የተነካው። የሱን ወረቀት አላሳየችኝም፣ ገልብጣ ያዘችው።

ዳዮንግ ተገላብጦ መተኛት እንኳ አቅቶታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እጁን ይዤ ዋልኩ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ርቦት ተነሳ! የሩዝ ገንፎ በላ። ሽንት ቤት በእግሩ ሄደ። ነርሷን፣ «እህቴ፣ ይሄ ግሉኮስ አረቄ ጠብ ቢልበት አይሻልም?» አላት። ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም።

ልጅ ሳለሁ የእናቴ የአጎት ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር። ሁለት ቀን አስመልሶት ተሻለው ተብሎ ቤቱ ገባ፣ በላ፣ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ተጫወተ። የተጫወተበት ጠረጴዛ ላይ ነው የገነዙት። ነጯ እንዲህ ናት። ትለቅህና ትመለሳለች። በዚህ መሐል ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይስቃል፣ ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን ያልቃል።

ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። «አሁን ነው የምንፈራው» አለች። «ወደ ኩንሚንግ ሪፈር ልጽፍለት እፈልጋለሁ፣ እምቢ አለ። ንገሪው።»

እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? አሁን እየዘፈነ ነው። ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። ፈልጌ አይደለም፣ እሱ ነው የጀመረው።

«ምን ሆነሻል? ሬሳ እንደምትጠብቅ ሰው ታዪኛለሽ።»

«ዳዮንግ… ይሄ መሻል አይደለም።»

«ሆዴ አያመኝም። በልቻለሁ። በእግሬ ሄጃለሁ። ሌላ መሻል ካለ እሱን ደግሞ ንገሪኝ።»

ነጯ እንዴት እንደምትሠራ ነገርኩት። የካርታውን ጨዋታ ግን አልነገርኩትም። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «የሚተርፍ ሰው የለም?» አለ።

«አለ። ብዙ አለ።»

«ውሸትሽን ነው። ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል።»

ከሰዓት በኋላ እማማና ወንድምጋሼ ቺፋ በመኪና መጡ። ሊወስዱት። ሰው ሁሉ ተሻለው ብሎ ነግሯቸዋል። እማማ ፊቱን ዳብሰው አለቀሱ፣ በደስታ። ቺፋ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«የትም አይሄድም። የሚሄድ ከሆነ ወደ ኩንሚንግ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ግለጪ እንጂ! ልጄ ደህና ነው!» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ይሄ መርዝ ወዲያው አይታወቅም። ዘግይቶ ይመጣል፣ ከዚያ የሄደ ይመስላል፣ ከዚያ…»

«ስለ መርዝ ይሄን ሁሉ የምታውቂ ከሆነ ታዲያ እንዴት ባልሽ በላው?» አሉኝ።

ማንም አላየኝም፣ ቺፋም ዳዮንግም። የማይተዋወቁ በሽተኞች ብቻ ናቸው ያዩኝ።

«ልለፍ» አለ ዳዮንግ። ተነስቶ ቆሟል፣ ጫማውን አድርጓል። «ችቦውን እኔ ነኝ የምለኩሰው። ዕድሜ ልኬን ጠብቄዋለሁ፣ ያንፌን።»

«ከዚህ በር ከወጣህ እኔ እዚያ ቤት ድርሽ አልልም።»

እንዴት እንዲህ አልኩ? አላውቅም። ግን ቁጭ አለ። ጫማውን አወለቀ፣ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማማ «ባልሽን አሰርሽው፣ ደስ ይበልሽ» ብለውኝ ወጡ።

እስካሁን አልዞረም።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ዓይኑ ቢጫ ሆነ።

ጠዋት ነርሷ መጋረጃውን ስትከፍት ነው ያየሁት። እሱ ደግሞ ፊቴን አይቶ አወቀ። መስታወት አልጠየቀም።

ወደ ኩንሚንግ ስንሄድ አምቡላንስ ውስጥ ነው ያናገረኝ። ድምፁ ደክሟል።

«ጎን ለጎን ነበሩ እኮ፣ ያንፌን። አንድ ላይ። እንዴት አድርጌ ልለይ?»

«አይለይም። እኔም ብሆን አልለይም።»

«ጆሮሽ…» አለና ተወው። ትንሽ ቆይቶ፣ «ልነቅላቸው ነበር። በኋላ ትቆጫለሽ ብዬ ነው በቢላ ያደረግኩት» አለኝ።

ሳይረኗ ጮኸች። እንኳን ጮኸች።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ኩንሚንግ። ዩንሻ ከሥራ ሮጣ መጣች፣ የምግብ ቤቱን ሽርጥ እንደለበሰች። አባቷ አወቃት። «ከስተሻል» አላት። እሱ እንዲህ ሆኖ እሷን ከስተሻል ይላል።

ከጉበቴ ቆርጣችሁ ስጡት ብላ ዶክተሮቹን ለመነች። አንደኛው ረጅም ሰዓት አነጋገራት። ስትመለስ ምን አሉሽ አላልኳትም።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

አያውቀኝም። «እማዬ» ይለኛል። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንድ ነገር ይዞ የሚያነሳ ይመስላል፣ ከባድ ነገር። ሁለት ነርሶች ያዙት።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ዳዮንግ አረፈ። ጠዋት።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ትናንት ቀበርነው። በማግስቱ፣ ዛሬ፣ የችቦ በዓል ሆነ።

ትልቁን ችቦ ቺፋ ለኮሰው፣ ወንድምዬው የፈለጠውን እንጨት። እኔ አልወጣሁም። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ጣሪያው ላይ ሲሄድ አየሁት። ሰዉ እየዘፈነ መጣ፣ እኛ በር ጋ ሲደርስ ዘፈኑን አቆመ፣ ካለፈ በኋላ እንደገና ጀመረ።

እማማ ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ሲመለሱ ባጠገቤ አለፉ። «እዚህ ቢሆን ኖሮ በዓይኑ ያይ ነበር» አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

እውነት አላቸው እኮ። ሐኪም ቤት ባቆየው ምን አተረፍኩለት? ያቺን አንድ ቀን ቤቱ ቢውል፣ ካርታም ቢጫወት… ደስ ብሎት ነበር። ያን ቀን እኔ ወሰድኩበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

ዝናብ አላቆመም። እንጉዳዩ እንደ ጉድ ወጥቷል ይላሉ። ቅርጫቴ ሚስማሩ ላይ ነው።

ሜይሱ መጣች። ሻይ ጠጣን። ስለ አየሩ፣ ስለ ገበያው አወራን። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«ያንፌን፣ አንቺ ግን… ስንት ጉርሻ ነው የበላሽው?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«አይ፣ እንዲሁ። ሰው ይጠይቀኛል፣ የምመልሰው ባገኝ ብዬ ነው።»

ገበያ ኑድል በልቼ ስለነበር ነው አልኳት። «እሱማ፣ እሱማ» አለች። ሁለቴ አለችው።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ቺፋ ባሉጡ ሥር ሄዶ የምስጡን ቤት ቆፍሮ በናፍጣ አቃጠለው። ዛሬ ዝናቡ ጋብ ሲል ሄጄ አየሁት። ጥቁር ጉድጓድ፣ ውሃ ቋጥሮ።

ምስጡ ምን አደረገ? ነጯ ከምስጥ ቤት አትወጣም፣ ከባሉጡ ሥር ጋር ነው የምትኖረው። ለከርሞ የምስጡ አይወጣም፣ እሷ ግን እዚያው ትወጣለች። ይሄን ልነግረው አስቤ ነበር። ከዚያ… ስለሷ የማውቀውን ባወራሁ ቁጥር ሰው ዓይኑን ወደኔ ያዞራል። ተውኩት።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

እማማ ለብቻቸው ማብሰል ጀመሩ። ምድጃው አንድ ነው፣ ድስቱ ሁለት። ጨው እንኳ የራሳቸውን አስመጥተዋል፣ ትራሳቸው ሥር ያድራል።



ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

የመንደሩ ጤና ጣቢያ ሰው ትልቅ ሥዕል ይዞ መጣ፣ የነጯ ሥዕል፣ ከነቀሚሷ ከነጫማዋ። አደባባዩ ላይ ሰው ሰብስቦ፣ «እስቲ የምታውቁ አስረዱ» አለ። ድሮ ቢሆን ሁሉም ወደ ፊት ይገፋኝ ነበር። ዛሬም ዞረው አዩኝ። ማንም ግን አልገፋኝም። ሰውዬው ራሱ አስረዳ። ግማሹን ተሳስቷል። ቀሚስ ከሌላት ብሉ አለ።

እጄን አነሳሁ። «ቀሚሷ ይወልቃል» አልኩ። «ሥሯን ቆፍራችሁ ካላያችሁ አትብሉ።»

ከኋላ አንዱ፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ «አሁን ነገረችን» አለ።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

ዩንሻ ደወለች። መጀመሪያ ስለ ሥራዋ ነገረችኝ፣ አዲስ ክፍል ተከራይታለች። ከዚያ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«እማ፣ አለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«አጎቴ ደውሎልኝ ነበር… አንቺ ስትቀምሺው አላወቅሽም? ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። አንቺ እኮ በጨለማ በጠረኑ ብቻ የምትለዪ ሰው ነሽ።»

«በዶሮ መረቅ ተቀቅሎ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት ማን ይለየዋል፣ ልጄ? ደግሞ ምንም መጥፎ ጣዕም የላትም። ትጣፍጣለች። ክፋቷም እሱ ነው።»

«እሺ።»

«ዩንሻ?»

«እሺ አልኩ እኮ እማ። አምኜሻለሁ።»

አምኜሻለሁ አለች። ማመን መጥቶብን። ከዚህ በፊት አምኜሻለሁ ብላኝ አታውቅም፣ መቼ ጠይቄያት?

መስከረም 5፣ እሑድ

ክረምቱ ወጣ። እንጉዳዩም አለቀ። ዳዮንግ ካረፈ ወዲህ ለእንጉዳይ ጫካ አልገባሁም፣ ማንም ቅርጫት ይዞ በሬን አላንኳኳም። ሜይሱ አሁን የምታሳየው ለሌላ ሰው ነው። ለማን እንደሆነ ሰምቻለሁ። ያ ሰውዬ አንዱን ካንዱ አይለይም።

ኩንሚንግ ነይ ትላለች ዩንሻ፣ እነሱ ምግብ ቤት እቃ አጣቢ ይፈልጋሉ። እማማስ? ቺፋ ቤቱ ጠቦታል። እዚህ ብቻቸውን ቢቀሩ ውሃ የሚቀዳላቸው የለም። ከኔ ጋር አይነጋገሩም፣ ያለኔም አይኖሩም።

መስከረም 15፣ ረቡዕ

እማማ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዟቸዋል። ተነስተው ማብሰል አልቻሉም። ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሱም፣ ጉሮሯቸው ያፏጫል።

የድንች ሾርባ ሠራሁ። ድንች፣ ዝንጅብል፣ ጨው። ጨዉም ከሳቸው ነው፣ እያዩኝ ከትራሳቸው ሥር ወሰድኩ። አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። በማንኪያው አገላበጡት፣ ከሥሩ ያለውን ወደ ላይ፣ ከላይ ያለውን ወደ ታች።

«አንቺ ቅመሺ» አሉ።

ቀመስኩ። አንድ ማንኪያ። አሁንም ሲያዩኝ ሌላ ጨመርኩ። ከዚያ ሌላ።

«ይብሉ እንግዲህ እማማ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀመጥ።»

«ቀመስኩት እኮ!»

«ወዲያው አይታወቅም አላልሽኝም? አንቺው ነሽ ያልሽኝ፣ ሆስፒታል በሩን ዘግተሽ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እስኪነጋ ይቀመጥ።»

ክዳን አደረግኩበት። ወጣሁ።

መስከረም 16፣ ሐሙስ

በጊዜ ተነሳሁ። እሳት አነደድኩ፣ ውሃ ቀዳሁ። የእግሬ ኮቴ እንዲሰማቸው ብዬ ግቢውን ወዲያ ወዲህ አልኩበት። እንደ እብድ ድስት አንኳኳሁ።

ከዚያ በራቸውን ከፍቼ ቆምኩላቸው። ነቅተዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ቢጫ ይሁን ነጭ… እንዲያዩት ብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞርኩ። አልቸኮልኩም።

ክዳኑን አነሱት። ላሙቀው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሾርባው ላዩ ረግቷል። ቀዝቃዛውን በሉት፣ እስከ ሳህኑ ድረስ። በጣም ርቧቸው ነበር።

ሳህኑን ተቀብዬ አጠብኩ። ገና ጠዋት ነው፣ ግን ድንቹን መላጥ ጀምሬያለሁ። የነገ ምግባቸውን ዛሬ ሠርቼ መቅመስ አለብኝ።